የማይታወቀውን ሰው ማዳን፦ መንግሥታት ራስን ማጥፋትን የሚከላከሉት እንዴት ነው?

በእንግሊዝና በዌልስ በ1963 ራሳቸውን ያጠፉ ሰዎች 5,714 ነበሩ። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1975፣ ቁጥሩ ወደ 3,693 ወርዶ ተገኘ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ መሀል ሥራ አጥነት ጨምሯል፣ ዋጋ ንሯል። በብዙዎቹ ሌሎች የአውሮፓ አገሮች ደግሞ የዚህ ሞት ቁጥር እየጨመረ ነበር። ታዲያ በዓመት እነዚያን ሁለት ሺህ ሰዎች ያተረፋቸው ምንድን ነው?

መልሱ የመጣው ከሐኪም ቤት ሳይሆን ከጋዝ ቧንቧ ነው። ቀድሞ ለማብሰያና ለማሞቂያ በየቤቱ ይገባ የነበረው ጋዝ ከድንጋይ ከሰል የሚሠራ መርዘኛ ጋዝ ነበር። በ1963 ከሞቱት ከአሥሩ አራቱ የሞቱት ከዚሁ ጋዝ ጋር በተያያዘ ምክንያት ነው። አገሪቱ ግን መጀመሪያ መርዙ ወደቀነሰ ጋዝ፣ ኋላም ከሰሜን ባሕር ወደተገኘው የተፈጥሮ ጋዝ ዞረች። ለውጡን ያመጣው የዋጋና የቴክኒክ ስሌት እንጂ ነፍስ የማዳን ዕቅድ አልነበረም። መሐንዲሶቹ ቧንቧ ሲቀይሩ በሺህ የሚቆጠር ሰው እያተረፉ መሆናቸውን አላወቁም።

ይህን ታሪክ ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። «መንግሥት ራስን ማጥፋትን ለመከላከል ምን ያደርጋል?» ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው የስልክ መስመር፣ ፖስተር፣ በዓመት አንድ ቀን የሚከበር የግንዛቤ ቀን ነው። እነዚህም ድርሻ አላቸው። ማስረጃው ሲመረመር ግን ብዙ ሕይወት አትርፈዋል ተብለው ከሚጠቀሱት እርምጃዎች አብዛኞቹ «ራስን ማጥፋት» የሚለው ቃል በስማቸው ላይ እንኳ የለም። አንዱ የእርሻ ኬሚካል ደንብ ነው፣ ሌላው የብድር ሕግ፣ ሌላው የድልድይ አጥር፣ ሌላው ለድሃ ቤተሰብ የሚሰጥ ድጎማ።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ይህን የምታነቡት ራሳችሁ ጨንቋችሁ ከሆነ ጽሑፉ ይቆያችሁ። ለምታምኑት አንድ ሰው ዛሬውኑ ንገሩት፤ ብቻችሁን አትሁኑ፤ በአቅራቢያችሁ ወዳለ የጤና ተቋም ሂዱ። ያ ስሜት እንደሚያልፍ የምነግራችሁ ለማጽናናት ብቻ አይደለም፤ ከታች እንደምታዩት በጥናት የተረጋገጠ ነገር ነው።

«የቆረጠ ሰው ሌላ መንገድ አያጣም»

የጋዙን ታሪክ የሰማ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያነሳው ጥያቄ ይህ ነው። አንዱ በር ቢዘጋ ሌላውን ይከፍታል፤ ታዲያ መዝጋቱ ምን ይፈይዳል? አነጋገሩ ለጆሮ ትክክል ይመስላል፤ የፖሊሲ አውጪዎችንም እጅ ለረጅም ዓመታት አስሮ ኖሯል። ስህተት መሆኑን የሚያሳዩት ግን የተለያዩ፣ እርስ በርስ የማይገናኙ ማስረጃዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ጊዜን ይመለከታል። በኦስትሪያ ኢንስብሩክ ከተማ ከሙከራ የተረፉ 82 ሰዎች «ሐሳቡ በዚያ ቀን ከመጣብህ እስከ ድርጊቱ ድረስ ምን ያህል ቆየ?» ተብለው ተጠይቀው ነበር። ግማሽ ያህሉ የመለሱት 10 ደቂቃ ወይም ከዚያ በታች ብለው ነው። ጭንቀቱ የወራት ወይም የዓመታት ሊሆን ይችላል፤ አደገኛው ሰዓት ግን አጭር ነው። እንደ ማዕበል ነው፤ ይነሳል፣ ይደርሳል፣ ይበርዳል። በዚያች አጭር ጊዜ እጅ ላይ ያለው ነገር ገዳይ ከሆነ ሰውየው ይሞታል። ከሌለ ግን ማዕበሉ እስኪያልፍ ይቆያል።

ሁለተኛው ከዚያ በኋላ ያለውን ሕይወት ይመለከታል። በአሜሪካ አንድ ዝነኛ ድልድይ አለ፤ ስሙን አልጠራም፣ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ትረዱታላችሁ። ሪቻርድ ሳይደን የተባለ ተመራማሪ ከ1937 እስከ 1971 ባለው ጊዜ ከዚያ ድልድይ ላይ በሰው ተይዘው የተመለሱ 515 ሰዎችን ፈልጎ በ1978 ውጤቱን አሳተመ። ከመቶው 94ቱ ያህሉ ወይ በሕይወት ነበሩ፣ ወይም በተፈጥሮ ሞት ሞተዋል። «ሌላ መንገድ አያጡም» የሚለው እምነት እውነት ቢሆን ኖሮ ይህ ቁጥር የማይታሰብ ነበር። በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም ተመሳሳይ ነገር ይናገራሉ፦ ከሙከራ ከተረፉት ከአሥር ሰዎች ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት ኋላ በዚህ መንገድ አይሞቱም።

ድልድዩ ላይ ግን መረብ ተዘርግቶ የተጠናቀቀው በ2024 መጀመሪያ ነው። ከጥናቱ እስከ መረቡ 46 ዓመት አለፈ። በመሀሉ የነበረው ክርክር ስለ ወጪና ስለ ድልድዩ ውበት ነበር።

ሦስተኛው ማስረጃ ከጦር ሠራዊት የመጣ ነው። በእስራኤል ወጣት ወታደሮች ለሳምንት መጨረሻ ዕረፍት ወደ ቤት ሲሄዱ ጠመንጃቸውን ይዘው ይወጡ ነበር። በ2006 ጠመንጃው ካምፕ እንዲቀር ታዘዘ። በወታደሮቹ መካከል ራስን የማጥፋት መጠን በ40 በመቶ ወረደ። ቅናሹ የታየው በዕረፍት ቀናት እንጂ በሥራ ቀናት አልነበረም። ወታደሮቹ ያው ናቸው፣ ችግራቸውም ያው ነው። ሌላ መንገድ ፍለጋ ቢሄዱ ኖሮ ሥራ ቀኑ ላይ ይታይ ነበር።

ስሪ ላንካ፦ በአንድ ቢሮ ውሳኔ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ720 ሺህ በላይ ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ። ከአራቱ ሦስቱ ያህሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ይኖሩ የነበሩ ናቸው። ይህ የሀብታም አገር ችግር ነው ብሎ ማሰብ እንግዲህ አያዋጣም። በድሃ የገጠር አካባቢ ደግሞ ለእርሻ የሚገዛው ፀረ ተባይ ኬሚካል በየቤቱ ጥግ ይቀመጣል፤ ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው።

ስሪ ላንካ ይህን በሚገባ አይታዋለች። በ1995 ከ100 ሺህ ሰው 47ቱ በዓመት ራሳቸውን ያጠፉ ነበር፤ በዓለም ከከፉት አንዱ ነው። በዚያው ዓመት መንግሥት እጅግ መርዛማ የሆኑትን ፀረ ተባይ ኬሚካሎች ከገበያ አስወጣ። በ1998 ሌላ ተጨመረ፣ ከ2008 እስከ 2011 ደግሞ ሌሎች ሦስት። አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ነበረች፣ ሱናሚ መትቷታል፣ ኢኮኖሚዋ ይወድቅና ይነሳ ነበር። መጠኑ ግን በሁለት አሥርት ዓመታት 70 በመቶ ያህል ወረደ። ተመራማሪዎች ባወጡት ግምት ከ1995 እስከ 2015 ድረስ 93 ሺህ ያህል ሰው ተርፏል፤ ለመንግሥት የወጣው ቀጥተኛ ወጪ ለአንድ ሕይወት ከ50 የአሜሪካ ዶላር በታች ነው።

እዚህ ላይ እኔን ከሁሉም በላይ ያስደነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ሞቱ እየወረደ ሳለ በመርዝ ምክንያት ሆስፒታል የሚገባው ሰው ቁጥር ግን ለረጅም ጊዜ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨምሮ ነበር። ማለትም ጭንቀቱ ያው ነው፣ የቤቱ ጠብ ያው ነው፣ ያቺ ክፉ ሰዓትም ትመጣለች። ልዩነቱ ወደ ሆስፒታል የገባው ሰው አሁን ቤቱ ይመለሳል። ደንቡ የማንንም ሐዘን አልፈወሰም፤ ለሐኪሙ፣ ለእናት፣ ለጓደኛ ጊዜ ሰጣቸው።

አርሶ አደሩስ? ክርክሩ ሁሌም ከዚህ ይነሳል፤ ኬሚካሉ ከታገደ ምርቱ ይወድቃል ይባላል። በስሪ ላንካ ምርት በእገዳዎቹ ምክንያት መውደቁ አልታየም፤ ምትክ ነበረና። ደቡብ ኮሪያ በ2011 እና በ2012 አንድ በጣም ገዳይ የሆነ የአረም ማጥፊያ ስታግድ በፀረ ተባይ ምክንያት የሚደርሰው ሞት ግማሽ ያህል ሲወርድ ምርቱ ግን አልተጎዳም። እንግዲህ በእነዚህ አገሮች ብዙ ሕይወት ያተረፈው ፊርማ የወጣው ፀረ ተባይ ከሚመዘግበው ቢሮ ነው ማለት ይቻላል። እዚያ የተቀመጠው ባለሙያ ካተረፋቸው ሰዎች አንዱን እንኳ በስም ሊያውቅ አይችልም፤ እነሱም መትረፋቸውን አያውቁም።

ለምን አስቀድሞ መለየት አይቻልም?

«በአደጋ ላይ ያሉትን ለይቶ ማከም አይሻልም ወይ?» የሚል አለ። ቢቻል ኖሮ ይሻል ነበር። በ2017 የታተመ አንድ ሰፊ ግምገማ የ50 ዓመት ምርምርን፣ 365 ጥናቶችን፣ አሰባስቦ መረመረ። ማን ራሱን እንደሚያጠፋ ለመተንበይ የምንጠቀምባቸው ምልክቶች ሁሉ ከዕጣ የተሻሉት በጥቂት ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ለምን እንደሆነ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ከ100 ሺህ ሰው በዓመት 10 ሰው የሚሞትበት አገር አስቡ። ከመቶ 90 ጊዜ ትክክል የሆነ ድንቅ መመርመሪያ ተሠራ እንበል (እንዲህ ያለ መመርመሪያ የለም፣ ይኑር እንበል)። ከአሥሩ ዘጠኙን ያገኛቸዋል። ከቀሩት 99,990 ሰዎች ውስጥ ግን አሥር በመቶውን፣ ማለትም 9,999 ሰዎችን፣ በስህተት «አደጋ ላይ ናቸው» ይላቸዋል። ሐኪሙ ፊት አሥር ሺህ ሰው ተሰልፎ ይቀርባል፤ ዘጠኙ ብቻ ናቸው የሚፈለጉት፤ እነማን እንደሆኑ ደግሞ ማንም አያውቅም። የተሳሳተው መሣሪያው ብቻ አይደለም። ብርቅ የሆነን ነገር መተንበይ በባሕርዩ እንዲህ ነው።

በዚህ ምክንያት የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ አካል በ2022 «ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ» እያሉ ነጥብ የሚሰጡ መጠይቆችን ማን እንደሚሞት ለመተንበይ እንዳይጠቀሙባቸው ለሐኪሞች ነገረ። በሌላ አነጋገር፦ ነጥብ መስጠቱን ተዉና ፊታችሁ ያለውን ሰው የሚያስፈልገውን ጠይቁት።

መንግሥት ማንነቱን ሳያውቅ የሚያደርሰው እርዳታ አስፈላጊ የሆነው ከዚህ የተነሳ ነው። በመንገድ ላይ ማን እንደሚጋጭ አስቀድሞ አይታወቅም፤ ስለዚህ ቀበቶ ለሁሉም ይታሰራል።

አንድ ቡድን ግን አለ፤ በስም የምናውቀው

ከሙከራ የተረፈ ሰው ሆስፒታል ይገባል። ስሙ ካርድ ላይ ተጽፏል። ለአንድ ሞት ከ20 በላይ ሙከራዎች እንዳሉ ይገመታል፤ ቀድሞ የሞከረ ሰው ደግሞ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ አደጋው ከፍ ያለ ነው። ሆኖም በብዙ አገር እንዲህ ያለ ሰው ሆዱ ታጥቦ ወይም ቁስሉ ተሰፍቶ በማግሥቱ ወደዚያው ቤት ይላካል። ከወጣ በኋላ ያሉት ሳምንታት ደግሞ ከሁሉ የከፉ ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በሕንድ፣ በስሪ ላንካ፣ በኢራንና በቻይና አንድ ቀላል ነገር ሞከረ። ከሙከራ የተረፉ 1,867 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ። ሌሎቹ ከመውጣታቸው በፊት አንድ ሰዓት ያህል ሰው ቁጭ ብሎ አነጋገራቸው፤ ከዚያም በ18 ወር ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ በስልክ ወይም በአካል «እንዴት ነህ?» ተባሉ። በ2008 በታተመው ውጤት መሠረት ካልተጠየቁት ከመቶው 2.2 ያህሉ ራሳቸውን አጥፍተዋል፤ ከተጠየቁት 0.2 ብቻ። አዲስ መድኃኒት የለም፣ ውድ መሣሪያ የለም። ለዚህ የሚያስፈልገው ደመወዝ የሚከፈለው፣ ስም ዝርዝር የያዘና ስልክ የተሰጠው አንድ የጤና ሠራተኛ ነው።

የዚህ ሐሳብ አያት የሳን ፍራንሲስኮው የአእምሮ ሐኪም ጀሮም ሞቶ ነው። እሱ የመረጣቸው 843 ሰዎች ሆስፒታል ተኝተው ከወጡ በኋላ ክትትሉን እምቢ ያሉ ወይም ያቋረጡ ነበሩ። ለግማሾቹ ለአምስት ዓመት ያህል አጫጭር ደብዳቤ ላከላቸው። ደብዳቤው ምንም አይጠይቅም፤ ቀጠሮም፣ ምክርም የለበትም። ሰውየው መታሰቡን ብቻ የሚነግር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ደብዳቤ ይደርሳቸው የነበሩት ራሳቸውን የማጥፋታቸው መጠን በግልጽ ያነሰ ሆነ። ኋላ በሌሎች ቦታዎች በፖስት ካርድና በጽሑፍ መልእክት ሲደገም ውጤቱ ሁልጊዜ ያን ያህል አላማረም፤ ይህንንም መደበቅ አይገባም። ደብዳቤው ከሰው ካልመጣ፣ ከማሽን ከመጣ፣ ያው ነው ወይ? የሚለው ጥያቄ እስካሁን ያከራክራል።

ዴንማርክ በበኩሏ ከ1992 ጀምሮ ለእንዲህ ያሉ ሰዎች የተለዩ ክሊኒኮችን ከፍታ ቀስ በቀስ በመላ አገሪቱ አዳረሰች። ከአምስት ሺህ በላይ ታካሚዎችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ወደ ክሊኒኩ የሄዱት ካልሄዱት አቻዎቻቸው ይልቅ ራሳቸውን ዳግም የመጉዳታቸውም፣ የመሞታቸውም ዕድል ማነሱን አሳየ።

ጃፓን፦ ሕግ ሲወጣ

በጃፓን በ1998 ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች ቁጥር በአንድ ዓመት ዘልሎ ከ30 ሺህ አለፈ። ባንኮች የወደቁበት፣ ሰው ከሥራ የተባረረበት ወቅት ነበር። ከዚያ በኋላ 14 ዓመት ሙሉ ከ30 ሺህ በታች አልወረደም። ለረጅም ጊዜ መንግሥት ነገሩን የየግለሰቡ ጉዳይ አድርጎ አየው። ዝምታውን የሰበሩት አባቶቻቸው የሞቱባቸው ልጆች ናቸው፤ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ በአደባባይ ተናገሩ። ከ100 ሺህ በላይ ፊርማ ተሰበሰበ፤ በ2006 ምክር ቤቱ መሠረታዊ ሕግ አወጣ። የሕጉ ዋና ቁም ነገር ራስን ማጥፋት የግል ብቻ ሳይሆን የማኅበረሰብ ችግር ነው፣ መንግሥትም ኃላፊነት አለበት የሚል ነው። በ2016 ሕጉ ሲሻሻል እያንዳንዱ ክፍለ ሀገርና ከተማ የራሱን ዕቅድ እንዲያወጣ ግዴታ ተጣለበት።

ይህ ወረቀት ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ አላነሳውም ነበር። ግን በዚያው ዘመን የአበዳሪዎች ሕግም ጠበቀ፦ የወለድ ጣሪያ ወረደ፣ ከተበዳሪው ዓመታዊ ገቢ ሲሶ በላይ ማበደር ተከለከለ፣ ዕዳ ለተቆለለበት ሰው የነጻ የሕግ ምክር ተከፈተ። ሥራ አጥነት፣ ዕዳና የአእምሮ ጤና በተለያዩ ቢሮዎች የሚስተናገዱ ነበሩ፤ ሰውየው ግን አንድ ነው። ስለዚህ የሥራ ፈላጊዎች ቢሮ ወረፋ ላይ የጤና አማካሪና የሕግ ባለሙያ አብረው እንዲቀመጡ ተደረገ። በ2012 ቁጥሩ ከ30 ሺህ በታች ወረደ፣ በ2019 ወደ 20 ሺህ ቀረበ።

ከዚያስ? በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ እንደገና ጨመረ፤ ከሁሉ የባሰው ሴቶችንና ወጣቶችን ነካ። በ2024 ጠቅላላው ቁጥር ቢወርድም ከአንደኛ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያሉት ተማሪዎች ቁጥር 529 ደረሰ፤ እስከዚያ ዓመት ድረስ ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው ነበር። የሃምሳ ዓመት ባለዕዳ ነጋዴን ያተረፈ ፕሮግራም የ15 ዓመት ተማሪን ላያገኘው ይችላል። የዕዳ ሕግ ለልጅ ምን ይፈይዳል? አንድ አገር «ተሳክቶልኛል» ሲል ለማን እንደተሳካለት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ገንዘብ፣ መጠጥ፣ ትምህርት ቤት

የገንዘብን ነገር ጃፓን ብቻ አይደለችም የምታሳየን። ኢንዶኔዥያ ለድሃ ቤተሰቦች የምትሰጠው የገንዘብ ድጎማ ፕሮግራም ዓላማው ልጆች ትምህርት ቤት እንዲገቡና እናቶች ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ ነበር። ኢኮኖሚስቶች ኋላ ሲመረምሩት ድጎማው በደረሰባቸው አካባቢዎች ራስን የማጥፋት መጠን በ18 በመቶ ወርዶ አገኙት። ፊንላንድና ስዊድንም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሥራ አጥነት ጣሪያ ሲነካባቸው ይህ ሞት አልጨመረም፤ ሥራ ያጣውን ሰው የሚደግፍና ወደ ሥራ የሚመልስ ጠንካራ ሥርዓት ነበራቸው። መጠጥንም ማንሳት ይገባል፦ በ1985 ጎርባቾቭ በሶቪየት ኅብረት በአልኮል ላይ ዘመቻ ሲከፍት መጠኑ በፍጥነት ወረደ፤ ዘመቻው ሲላላ መልሶ ወጣ።

ትምህርት ቤት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ይህ ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነውና። በአሥር የአውሮፓ ኅብረት አገሮች፣ በ168 ትምህርት ቤቶች፣ ከ11 ሺህ በላይ ተማሪዎች ላይ ሦስት ዘዴዎች ተወዳድረው ነበር። አንዱ መምህራን ምልክቱን እንዲያዩ ማሠልጠን ነው። ሁለተኛው ተማሪውን በመጠይቅ ለይቶ ወደ ባለሙያ መላክ ነው። ሦስተኛው ተማሪዎቹ ራሳቸው በአምስት ሰዓት ውስጥ ጭውውት እየሠሩ ስለ ጭንቀት፣ ስለ ጠብ፣ ስለ ጓደኛ መርዳት እንዲወያዩ ማድረግ ነው። ከዓመት በኋላ ሙከራን በግማሽ ያህል የቀነሰው ሦስተኛው ብቻ ነበር። አዋቂው ልጁን ከላይ ሆኖ ከሚጠብቀው ይልቅ ልጆቹ እርስ በርስ ቢነጋገሩ ይሻላል ማለት ነው። «ስለዚህ ጉዳይ ማውራት ሐሳቡን ያስገባባቸዋል» የሚለው ፍርሃትም በ2005 በታተመ፣ ከ2,300 በላይ ተማሪዎች በተሳተፉበት ጥናት ተፈትኖ ነበር፤ በቀጥታ የተጠየቁት ካልተጠየቁት የባሰ አልሆኑም።

ጋዜጠኛውና ያልጠራሁት ድልድይ

ቪየና የምድር ውስጥ ባቡሯን በ1978 ከፈተች። በ1980ዎቹ አጋማሽ ጣቢያዎቹ ላይ የሚደርሰው ሞት በዛ፤ ጋዜጦቹም በፊት ገጽ፣ በፎቶ፣ በዝርዝር ይዘግቡ ነበር። በ1987 ባለሙያዎች ለጋዜጠኞች መመሪያ አዘጋጁ፦ ቦታውንና ዘዴውን አትዘርዝሩ፣ ርዕስ አታድርጉት፣ አንድ ብቸኛ ምክንያት አትስጡት፣ እርዳታ የት እንዳለ ተናገሩ። ጋዜጦቹ ተቀበሉት። በዚያው ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በባቡሩ የሚደርሰው ሞትና ሙከራ ከሦስት አራተኛ በላይ ወረደ፤ ለዓመታትም ዝቅ እንዳለ ቆየ።

ድልድዩን ያልጠራሁት ለዚህ ነው። ስም በተጠራ ቁጥር ቦታው ለተጨነቀ ሰው እንደ አድራሻ ይሆንለታል።

የቪየና ተመራማሪዎች በ2010 ተቃራኒውንም አሳዩ፦ ሰው በዚያ ሐሳብ ውስጥ ገብቶ እንዴት እንደወጣ የሚተርክ ዘገባ መጠኑን ከመቀነስ ጋር ተያይዞ ተገኘ። ስሙን ከሞዛርት ኦፔራ ወስደው «የፓፓጌኖ ውጤት» አሉት፤ ፓፓጌኖ ተስፋ ቆርጦ ሳለ ሦስት ልጆች ሌላ መውጫ እንዳለው ያስታወሱት ገጸ ባሕርይ ነው።

የስልክ መስመሩስ?

አሜሪካ በሐምሌ 2022 ከረጅሙ ቁጥር በተጨማሪ 988 የሚል ባለሦስት አኃዝ መስመር ከፈተች፤ ካናዳም በኅዳር 2023 ተከተለች። የሰው ጭንቅላት በዚያች ሰዓት አሥር አኃዝ አያስታውስም፤ ስለዚህ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ይሁንና መስመሩ ስንት ሰው እንዳተረፈ በቁጥር ማሳየት ከባድ ነው፤ ደዋዩ ስሙን አይናገርም፣ ባይደውል ኖሮ ምን ይሆን እንደነበርም አይታወቅም። እኔ መስመሩን አልቃወምም። የምቃወመው ቁጥሩ ተመርቆ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ ስልኩን የሚያነሳው ሰው ሳይቀጠር ሲቀር ነው። ደውሎ ያልተነሳለት ሰው ካልደወለው የባሰ ብቻውን ነው። ስለ አንድ መስመር መጠየቅ ያለበት ስንት ሰው እንደደወለ ሳይሆን በስንት ሰከንድ እንደተነሳ፣ ከተነሳ በኋላስ ደዋዩ ወዴት እንደተላከ ነው።

ወንጀል ሆኖ ሲቀር

የቀረው ሕጉ ነው። በአንዳንድ አገሮች ከሙከራ የተረፈ ሰው እስካሁን ሊከሰስ ይችላል። ሕጉ ሰዉን አስፈርቶ ይመልሳል ይላሉ ደጋፊዎቹ፤ ግን ሞትን ያልፈራ ሰው እስር ሊፈራ አይችልም። የሚፈሩት ሌሎቹ ናቸው፦ ቤተሰቡ ወደ ሐኪም ቤት ለመውሰድ ይፈራል፣ ሐኪሙ እውነቱን ለመጻፍ ይፈራል፣ ካርዱ ላይ «ድንገተኛ አደጋ» ተብሎ ይሰፍራል። እንግሊዝና ዌልስ ይህን ሕግ የሻሩት በ1961 ነው። ሕንድ በ2017 ባወጣችው የአእምሮ ጤና ሕግ ከሞላ ጎደል አስቀረችው፤ ፓኪስታን በ2022፣ ጋናና ማሌዥያ በ2023 ሻሩት። በኬንያ በጥር 2025 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድንጋጌው ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ወሰነ።

ይህ ወደ ቁጥሩ ይመልሰናል። ከዓለም አገሮች የሞት ምዝገባቸው በዚህ ረገድ አስተማማኝ ነው የሚባለው 80 ያህሉ ብቻ ናቸው። ፊንላንድ ብሔራዊ ፕሮግራሟን ስትነድፍ መጀመሪያ ያደረገችው ከ1987 እስከ 1988 ባለው አንድ ዓመት ራሳቸውን ያጠፉትን 1,397 ሰዎች አንድ በአንድ ማጥናት ነበር፤ ቤተሰብ ተጠየቀ፣ የሕክምና ካርድ ተገለጠ። ብዙዎቹ በድብርት ይሠቃዩ እንደነበርና በቂ ሕክምና ያገኙት ጥቂቶች ብቻ እንደነበሩ ታወቀ። መጠኑ በ1990 ጣሪያ ነክቶ ከዚያ ወዲህ ከግማሽ በላይ ወርዷል።

ወንጀልነቱን የሻረ አገር ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቁጥሩ ወደ ላይ ሲሄድ ሊያይ ይችላል። ቀድሞ «ወደቀ»፣ «ተሳስቶ ጠጣ» ተብሎ የተመዘገበው አሁን በስሙ ይመዘገባልና። በዚያን ጊዜ አንድ የምክር ቤት አባል ተነስቶ «ሕጉን ስለሻርን ባሰ፣ እንመልሰው» ማለቱ አይቀርም፤ መዝገብ ቤት ያለው ሠራተኛ ደግሞ አዲሶቹ ሞቶች አዲስ እንዳልሆኑ የሚያስረዳበት የቀድሞ መዝገብ በእጁ ላይኖር ይችላል።